ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት

ሐሙስ ማታ፣ ማናማ፣ ሲፍ ላይ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣
መስታወቱን በውጭ በኩል የሚያልበው ወበቅ፤
በውስጥ ግን ማቀዝቀዣው የሚለቀው ብርድ፣
ከፊቴም ሁለት ሺህ ፈተና፣ ዘር ማንዘሩ ያልለየ ጉድ።

ሥራዬ ይኼ ነው፦ ትናንት የሠራ
ዛሬም ይሠራ እንደሆን መጠየቅ፣ በየተራ።
ለእናቴ በስልክ «የምውለው ፈተና ላይ ነው» ብላት፣
«እመቤቴ ታውጣሽ ልጄ» አለች፤
ማስረዳቱ አቃተኝና ተውሁላት።

ፎልደር ከፈትሁ፤ ስም አወጣሁ፦
«መግቢያ»፣ «ምንዛሪ»፣ «ተቀባይ»፣ «ደረሰኝ»፣
«በየልቀቱ የሚሮጥ»፣ «በወር አንዴ የሚበቃ»፣
መጨረሻ ላይ «የተረፈ»፤
ሁልጊዜ አንድ «የተረፈ» አለ፣ ከምድቡ ያፈነገጠ ዕቃ።

ፋዲል አለቃዬ ካራክ ሻዩን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ፣
«ሦስት ዓመት አረንጓዴ የሆነውን አውጪ» አለ፤
«የማይወድቅ ፈተና ሰዓት ከመብላት በቀር ምን አለ?»
እውነቱን ነው። ሰርቨሩ ቀርፋፋ፣ ሌሊቱ አጭር፤
ሁሉን ላስሩጥ ካልሁ ይነጋል፣ እኩሌታውን ሳልሻገር።

እዚያ አገኘሁት። ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ሊሲ የጻፈችው፣ ከኬረላ የመጣች፣
ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ ስድስት ዓመት የተቀመጠች፣
ውሏ ሲያልቅ ሻንጣዋንና የጠረጴዛዋን ተክል አቅፋ የሄደች።
ርዕሱ «ሁለት ቃል የሆነ ስም»፤ ሙሉው አራት መስመር።
ከግርጌው «እባካችሁ አትሰርዙ»። ለምን? እሱን አይናገር።
ሺህ ጊዜ ሮጦ ሺህ ጊዜ አልፏል፤ አንድ ቀን ቀልቶ አያውቅም።
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም
ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።
ጠቅ። ወደ ማከማቻ።

ጉዴቢያ፣ ቤቴ ስደርስ መንፈቀ ሌሊት አልፎ ነበር፤
ልቀቱ ወጣ፣ አረንጓዴ ከዳር እስከ ዳር።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አርብ።
ከባብ አል ባህሬን ጀርባ የሐዋላው ቤት ሰልፍ፤
የወር ደመወዝ፣ በአንድ አውራ ጣት ባሕር የሚያልፍ።
እኔ የስልክ ካርድ ልገዛ ነበር የወጣሁት።
አንዷ ከመስኮቱ ሥር ቆማ ስሟን ትቆጥራለች፣
«ወለተ ሥላሴ ነኝ፣ ወለተ ሥላሴ ተድባበ» ትላለች፤
«ስልኩ ወለተን ለብቻ፣ ሥላሴን አባቴ አደረገው፤
ተድባበ የት ሄደ? አባቴን ምን አደረጋችሁት?»
መታወቂያዋ ሌላ፣ ስልኩ ሌላ፤ ሃምሳ ሁለት ዲናር መሐል መንገድ ቆማለች።
ልጁ በመስኮቱ ቀዳዳ፣ «ባለፈው ወር ሠርቶ ነበር» አላት።

ባለፈው ወር ሠርቶ ነበር።
የሙያዬ ሁሉ ትርጉም፣ በአራት ቃላት።

«እኔ ነኝ» አላልኋትም። ፈራሁ።
ጥግ ይዤ ፋዲልን ጠራሁ።

እኩለ ቀን፣ ባዶ ቢሮ፣ መብራቱ ሰው ሲያይ የሚነቃ።
ከማከማቻው አወጣሁት፤ አስሮጥሁት፤
ቀላ።
በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላ።
አንዱ ጎበዝ ስም ላሳምር ብሎ፣
ክፍተት ባየበት ሁሉ ቆርጦ ጥሎ።

ኮዱ ሲመለስ ማታ ሆነ። ፈተናውን ወደ ላይ ሳብሁት፣
«በየልቀቱ የሚሮጥ» ውስጥ፣ ከሁሉ ፊት አኖርሁት።
ከሊሲ ልመና ሥር አንድ መስመር ጨመርሁ፦
«ምክንያቱ፦ አንዲት ሴት፣ አርብ ቀን፣ አባቷ የጠፋባት።»
ሊሲም የራሷ አርብ ነበራት ይሆናል፤
ሳትጽፈው ውሏ አለቀ።

«የተረፈ»ን ደግሜ ከፈትሁ፤ የሚጣል መስሎኝ የነበረውን።
አራት መቶ አሥራ ስምንት፦
«ጳጉሜን ስድስት የተወለደች ደንበኛ።»

ሊሲ፣
ጳጉሜን ማን ነገረሽ?